ዲ ላይ ያለ አይነካም

ፀጋዬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሸዋ ሮቢት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካሉት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዱ ተቀምጦ ይሠራል። ሙቀቱ ሲበረታ የማሽኖቹን ክዳን ከፍቶ ቬንትሌተሩን ወደ እነሱ ያዞርና እሱ ራሱ በላብ ይጠመቃል። ከሰው ይልቅ ለማሽን ያዝናል እያሉ ይቀልዱበታል። ለማሽንም ቢሆን ማዘን የጀመረው በቅርቡ ነው።

ድሮ ፀጋዬ ፈጣን ነበር፤ በፍጥነቱም የሚኮራ። ከደብረ ሲና የወረደ ደንበኛ ኮምፒውተሩን አስረክቦ፣ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ተሠርቶ ያገኘዋል። መላው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ ፎርማት። አልነሳ ያለውን ማሽን ምን ነካው ብሎ መመርመር ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጠርጎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው እንጂ። ደንበኛውም ቢሆን ገና ከባጃጅ ሳይወርድ «ፎርማት አርግልኝ» ይላል። ፀጋዬ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የሚፈለግ ነገር አለው?» መልሱም የታወቀ ነው፤ «ዲ ላይ ነው።» የማሽኑ ሆድ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲ የዊንዶውሱ ነው፣ ዲ የባለቤቱ። ሲ ይጠረጋል፣ ዲ አይነካም። ይህን የማያውቅ ኮምፒውተር ያለው ሰው በዚህ አገር የለም፤ ፀጋዬንም ለዓመታት አሳፍሮት አያውቅም።

አብዱልሃዲ የመጣው አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። በቀወት ገጠሮች እየዞረ ሰርግ የሚቀርጽ፣ የፀጋዬ የልጅነት ጓደኛ ነው። ኮምፒውተሩን በሽርጥ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ አመጣው።

«ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳ አለኝ» አለ። «እሑድ የልጄ የዙልፋ ኒካህ ነው። ያን ቪዲዮ ላሳያት ነው፤ ወላሂ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም።»

የትኛው ቪዲዮ እንደሆነ ፀጋዬ መጠየቅ አላስፈለገውም። የአብዱልሃዲ ሚስት ራህመት ዙልፋን በወለደች በሳምንቷ ነው የሞተችው። ፎቶዋ አለ፤ ስትራመድና ስትናገር የሚያሳየው ግን የራሷ ሰርግ ቪዲዮ ብቻ ነው። ካሴቱን የሮቢት ሙቀት አበላሽቶታል፤ የተረፈው አብዱልሃዲ ቀድሞ ወደ ኮምፒውተሩ የገለበጠው ነው። ልጁን «ስታገቢ እናትሽን አሳይሻለሁ» እያለ አሳደጋት። ለምን እስከዚያ አቆየው ቢባል፣ መጀመሪያ እሷ እንዳታለቅስ ፈርቶ፣ በኋላ ደግሞ እሱ ራሱ እንዳያለቅስ ፈርቶ ነው።

ፀጋዬ ማሽኑን አበራው። የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ሲገባ የማሽኑ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘው። «ይሄ ማሽንህ ጃጅቷል፣ ዘመኑንም ረስቷል» ብሎ ቀለደ። አብዱልሃዲም ሳቀ። ያቺ ቀልድ እስከ ዛሬ ታንገበግበዋለች፤ በሽታው ፊቱ ላይ ተጽፎለት ነው የቀለደው።

ከፍቶ ሲያይ ሁለት ዲስክ አለው።

«የሚፈለገው ነገር?» አለ ፀጋዬ፣ እንደ ልማዱ።

«ዲ ላይ ነው» አለ አብዱልሃዲ፣ እሱም እንደ ልማዱ።

ሁለት ዲስክ ካለ አንዱ ሲ፣ ሌላው ዲ ነው፤ ፀጋዬ እንዲህ ብሎ ፈረደ። የመጀመሪያውን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ ዊንዶውሱን ጫነበት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማሽኑ ተነሳ። አብዱልሃዲ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ። ዲን ሊከፍቱ ቢፈልጉ ዲ የለም። ሁለተኛው ዲስክ ምንም እንዳልተጻፈበት ሆኖ ታየ፤ ማሽኑም እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ጠየቀ። ፀጋዬ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

አዲስ አበባ የዲስክ ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ኤፍሬም የሚባል ባለሙያ ነበርና ደወለለት። ኤፍሬም የማሽኑን ቀን ጭምር ጠይቆ ነገሩን ሁሉ ሰማ።

«ሁለቱ ዲስኮች በሬይድ የታሰሩ ናቸው» አለው። «ሥራው እንዲፈጥን እያንዳንዱ ፋይል ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይጻፋል። ሲም ዲም ሁለቱም ላይ ነው ያሉት። የማሽኑ ትንሿ ባትሪ አልቃለች፤ መብራት ሲሄድ ሁለቱን እንደ አንድ እይ የተባለውን ረሳው። ቀኑንም የረሳው ለዚያ ነው። ባትሪዋን ቀይረህ ሬይድ የሚለውን መልሰህ ብትመርጥ ምንም ሳይጠፋ ይነሳ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ግማሹ ላይ ጽፈህበታል። ላክልኝና የሚተርፍ ካለ ልፈልግ።»

ያቺ ዓይነት ባትሪ ከፀጋዬ ጀርባ ግድግዳው ላይ በሽበሽ ናት። ለመቀየር ቡና እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም። ዲስኮቹን በዚያው ቀን አውቶቡስ ላኩ፤ ቅዳሜ የኤፍሬም መልስ መጣ። የሌላ ሰው ሰርግ ቁርጥራጭ፣ የማይታወቅ ሙሽራ፣ ድምፅ የሌለው ጭፈራ ተገኝቷል። የራህመት የለም።

አብዱልሃዲ አልጮኸም። «ቀደር ነው፣ አላህ የወሰነው ነው፤ አንተም አውቀህ አላደረግከውም» አለና ሽርጡን አጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ቢሰድበው ለፀጋዬ በስንት ጣዕሙ! ስድብ ቢሆን ኖሮ ይመልስ ነበር፣ ይኳረፉ ነበር፣ አንድ ቀን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር። ይቅር የተባለ ሰው ግን በማን ላይ ይቆጣል?

ከዚያ ወዲህ ፀጋዬ ሥራ አያፋጥንም። የመጣውን ማሽን ሁሉ መጀመሪያ ባትሪውን ይለካል፣ ዲስኩን ይመረምራል፣ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ሳይገለብጥ አይነካም። ደንበኛው ባጃጅ አቁሞ ይነጫነጫል፤ «ፀጋዬ ፈዟል» እያለ ወደ ሌሎቹ ሱቆች የሚሄደውም ብዙ ነው። ይሂድ ይላል ፀጋዬ።

ዙልፋ ካገባች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሱቁ መጣች። ፀጋዬ ልትወቅሰው የመጣች መስሎት ብድግ አለ። እሷ ግን ሰላምታዋን ሰጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ፀጋዬ» አለች፣ «ያኔ በሰርጋቸው ቀን አባቴ ሙሽራ ስለነበረ ካሜራውን ሌላ ሰው ነው የያዘው፤ መብራቱን የያዙት ግን እርስዎ ነዎት ብላ አክስቴ ነገረችኝ። እናቴን ፊት ለፊት ቆመው አይተዋታል ማለት ነው።»

እውነት ነው፤ መብራቱን ይዞ ነበር። ፀጋዬ ዐይኑን ጨፍኖ ያን ቀን ፈለገው። ጄኔሬተሩ ልጥፋ ልጥፋ እያለ ሲያሰጋው ትዝ አለው። በሰው እግር መሃል የተጠላለፈው ገመድም፣ እጁን የሚለበልበው አምፖልም ትዝ አለው። ብርሃኑ የሙሽራዋ ፊት ላይ ነበር፤ የእሱ ዐይን ግን ቀኑን ሙሉ ገመዱ ላይ። ስለ ፊቷ ሊነግራት የሚችለው አንድም ነገር አልያዘም።

«ሳቂታ ነበረች» አላት።

ዙልፋ ሻሿን አስተካክላ ቀስ ብላ ተነሳች።

«እሱንማ ሁሉም ሰው ይለኛል» አለች። «እኔ እንዴት እንደምትስቅ ነበር ማየት የፈለግሁት።»