ወይዘሮ ዘይነባ ያላንቀሳቀሱት ፈረስ

ወይዘሮ ዘይነባ ይማም ባለፈው ጁምዓ ማለዳ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። የተቀበሩትም በዚያው ዕለት ነው። እኛ ወዳጆቻቸው ከደሴ ስንደርስ ጀናዛው ከመስጊድ እየወጣ ነበር፤ የሰፈሩ ቄስም፣ ያስተማሯቸው ልጆች ወላጆችም መንገዱን ሞልተውት ነበር። ታመው ስለ ነበር ዜናው አላስደነገጠኝም። ግን አሳዘነኝ፤ አሁንም ያሳዝነኛል።

በሥራቸው የሒሳብ መምህርት ነበሩ። እኔ ይህን የምጽፈው ግን ከፊታቸው ተቀምጬ ደጋግሜ የተሸነፍሁ ተጋጣሚያቸው ስለ ሆንሁ ነው። በዞናችን የሴቶች ቼዝ ውድድር የርሳቸውን ያህል ዋንጫ ያነሣች ሴት የለችም፤ ከወንዶቹ ጋር ተመዝግባ በማሸነፍም የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው። የሐይቅ ሰው «ግራንድማስተሯ» ይላቸው ነበር። እርሳቸውም «ተዉ እንጂ! ማዕረጉን የሚሰጠው ሐይቅ ከተማ አይደለም» ይሉና ይሥቁ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አምባሰል፣ ውጫሌ ድረስ እየሄዱ ሴት ልጆችን ቼዝ ያስተምሩ ነበር። ጠጠር ለማንሣት የምትቸኩል ልጅ ካዩ «እጅሽን ከሥርሽ አድርጊና ተቀመጪበት፤ መጀመሪያ ዓይንሽ ይጨርስ» ይሏት ነበር። አንድ ጊዜ እዚያው አንድ ሼህ «ይህ ቁማር ነው» ብለው ልጃቸውን ከለከሏት። ወይዘሮ ዘይነባ አልተከራከሯቸውም። ሰሌዳውን ይዘው ወደ ሼሁ ቤት ሄዱ፤ አባትየውን አጠገብ አስቀምጠው ከልጅቱ ጋር ተጫወቱ። ሲጨርሱ «እስቲ ቁማሩ የቱ ጋ እንዳለ ያሳዩኝ፣ ሼኽዬ» አሏቸው። ሼሁ ግን «ልጄ ለምን ተሸነፈች?» ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ ነበር።

ባለቤታቸው፣ እኛ ጋሽ ሰይድ የምንላቸው፣ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጀልባ ጀልባ ሲጣሩ ስለ ኖሩ ቀስ ብሎ መናገር አይሆንላቸውም፤ በጆሮ የሚነግሩንን ነገር ጎረቤት ሁሉ ይሰማው ነበር። ቼዝ የተማሩት ከሚስታቸው ነው። የሚስታቸው ውድድር ደግሞ አያመልጣቸውም ነበር።

አንድ ዓመት ደሴ ላይ፣ በውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ተገናኘን። ካሸነፉኝ ለረጅም ጊዜ ሳይደፈር የቆየውን የዋንጫ ሪከርድ ይሰብራሉ፤ አቻ ከወጣን ዋንጫው የኔ ይሆናል። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ተሳሳትሁ። ስሕተቴን ያየሁት ጠጠሩን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ቀና ብዬ ተመለከትኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ይህን የሚያደርጉት አስበው ሲጨርሱና የሚጫወቱትን ሲያገኙ ብቻ ነበር፤ አብረናቸው የተጫወትን ሁሉ እናውቀዋለን። አለቀልኝ አልሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ «ፈረሱን! ዘይነባ፣ በፈረሱ ነው!» የሚል ድምፅ አዳራሹን አናወጠው።

ዳኛው ጋሽ ሰይድን ከአዳራሹ አስወጧቸው። ወደ ሰሌዳው ተመልሰውም «መምህርት፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፤ የፈለጉትን መጫወት ይችላሉ» አሏቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ሰሌዳውን ጥቂት አዩት። «አሁንማ የሰይድ ሆነ፤ የኔ አይደለም» አሉና ፈረሱን ትተው ንግሥታቸውን አንቀሳቀሱ። አቻ ወጣን። ዋንጫውን እኔ ወሰድሁ።

ስንወጣ ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «አፉ በይኝ፣ ዘይነባ። ወላሂ አመለጠኝ።»

«አብሽር!» አሏቸው። «እኔ መች አይቼው? አንተ ዝም ብትልም አልጫወተውም ነበር። ምን አጠፋህና ነው?»

ይህን ሲናገሩ የሚያዩት እርሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር። ስለ መነጽሩ አላነሣሁም።

ያን ሪከርድ የመስበር ዕድል እንደገና እጃቸው እስኪገባ ዓመታት ፈጀ። መካከል ላይ ዓይናቸውን ታመሙ፤ አንዳንዱን ውድድር ቀሩ፤ ከኔ የሚበልጡ ጎበዝ ልጆችም መጡባቸው። ጋሽ ሰይድ አዳራሽ ላለመግባት ምለው ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ ሪከርዱን በሰበሩበት ቀን ግን «አንተ ካልመጣህ እኔም አልሄድ» ብለው ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ምስኪኑ ሰውዬ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ጨዋታው እስኪያልቅ ቁጭ አሉ። ሲያልቅ የለቀቁት ጩኸት አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ደፈር ብዬ «ያን ፈረስ አይተውት ነበር አይደል?» አልኋቸው።

«ሂሩት፣ ሁለተኛ እንዳታነሺው» አሉኝ። «ሰይድ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አሁን ይተኛል።»

እኔም ሁለተኛ አላነሣሁትም።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ጋሽ ሰይድ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አይታው ነበር አይደል?»

ሻይ ላምጣልዎ ብዬ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«አትጨነቂ፣ ልጄ። እኔኮ የጮህሁት መነጽሯን ስታወልቅ አይቼ ነው። አገኘችው ብዬ፣ ደስ ቢለኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሯቸውም?»

«ሰይድን አሳረፍሁት ብላ እሷ ዐረፈች። ያን ዕረፍት እንዴት ብዬ ልንሣት?»

እትዬ ዘይነባ፣ ምሥጢርዎን እኔ አላወጣሁትም፤ ጋሽ ሰይድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያውቁ ነበር። እርስዎ ለርሳቸው ሲሉ አላየሁም አሉ፤ እርሳቸውም ለርስዎ ሲሉ ያመኑ መሰሉ። ከእንግዲህ ወደ ውጫሌ ልጆች የምሄደው እኔ ነኝ፤ እርስዎን አላክልም፤ ግን አልቀርም። አላህ ማረፊያዎን ጀነት ያድርገው። ጋሽ ሰይድ ሰሞኑን እንቅልፍ የላቸውም። ምን ቢሏቸው እንደሚተኙ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።