በልቻለሁ፣ አልገባም

ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴን ልቧን ሊከፍቱ ኦፕሬሽን አስገቧት። እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ትልቅ ሆስፒታል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምናገረውን የምትጽፈው ልጄ ሰናይት ናት። ካሳመረችው ጥፋቱ የእሷ ነው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። «ከባድ ነው፣ ግን እንሞክራለን» አለ። ልብ ይሞከራል እንዴ?... ዕድሜ ልኬን አብራኝ የኖረችውን ሴት በአልጋ እየገፉ ወሰዷት፣ በሩ ተዘጋ።

ሰናይት «አባዬ፣ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ እህል ቅመስ» ብላ ታች ካፍቴሪያ ወሰደችኝ። እንቁላልና ዳቦ በላሁ። እንደ አሸዋ ነው የዋጥኩት። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ማዶ ሴንት ፖል ከተማ ነው፣ እኔ መኪና አልነዳም፣ ሰናይትን ደግሞ ከእናቷ በር ላይ ማንሳት አልፈለግሁም።

በመስኮት ስመለከት... ከመንገዱ ማዶ ቀይ ጡብ፣ ረጅም የደወል ቤት፣ ጫፉ ላይ መስቀል። የፈረንጅ ይሁን የማንም፣ መስቀል መስቀል ነው። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ።

በልቻለሁና ውስጥ አልገባም። ሥርዓታችን ነው፤ እህል የቀመሰ ከውጭ ሆኖ ይሳለማል። በረዶው ላይ ቆሜ ግድግዳውን ሳምኩ። ግንባሬን ጡቡ ላይ ደፍቼ «ጌታዬ፣ እሷን ከወሰድክብኝ እኔን ለማን ትተወኛለህ?» እያልኩ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት፣ አላፍርበትም።

በሩ ተከፈተና አንዲት ክንዷን ሙሉ የተነቀሰች ወጣት ሮጣ መጣች።

«ጌታዬ፣ ደህና ነዎት? ይግቡ እንጂ፣ ይበርዳል!»

«አልገባም፣ በልቻለሁ» አልኳት። እንግሊዝኛዬን ፓርኪንግ ስሠራ ነው የለቀምኩት፣ ግን ለዚህ ይበቃል።

«ምንም አይደል፣ መጠጥ ብቻም ይቻላል!»

በልቻለሁ ያለን ሰው መጠጥ የሚጋብዝ ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ቀና አልኩ። በክፍቱ በር ወደ ውስጥ አየሁ። መቅደሱ መሆን በነበረበት ቦታ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የብረት ጋኖች ተደርድረዋል። ቢራ ነው የሚጠምቁት። ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ይስቃል።

ስለ ባለቤቴ የለመንኩት የቢራ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ነው እንዴ?... አሁን በዚህች ደቂቃ ምላጭ ደረቷ ላይ ነው። ያን ሁሉ ልመና የት አፈሰስኩት?

«ማነው የሸጠው?» ብዬ ጮህኩ። «የእግዚአብሔርን ቤት ማነው የሸጠው?»

ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ በዕድሜ ከእኔ የማያንስ፣ በከዘራው እየተደገፈ ወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔና የቀሩት ምእመናን። ድምፅ ሰጥተን ሸጥነው።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «አያቴ ከስዊድን መጥቶ ይሄን ጡብ በጀርባው ተሸክሟል። የራሱ ቤት ገና ጣሪያ አልነበረውም። መጀመሪያ ይሄን ሠሩ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ያንን።» በከዘራው ጠቆመኝ። ያሳየኝ ባለቤቴ የተኛችበትን ሆስፒታል ነው።

አልዋሸም። እኔንም ከስደተኞች ካምፕ ስመጣ ኤርፖርት ላይ ካፖርት ይዘው የጠበቁኝ የቤተ ክርስቲያን አሮጊቶች ናቸው። አንዲቷ የማታውቀኝን ሰው እጄን ይዛ ጸለየችልኝ። ይሄ አገር በምን እንደተሠራ ለእኔ ማንም አያስተምረኝም።

«ታዲያ ምን ነካችሁ?» አልኩት።

«ልጆቻችን መምጣት ተዉ። በመጨረሻ ሥራችን ቀብር ብቻ ሆነ። እዚህ ነው የተጠመቅሁት... አሁን ቢራ ገዝቼ እቀመጣለሁ። ሌላ መግቢያ የለኝም።»

የእኔም የልጅ ልጆች «ቅዳሴው ረዘመ» እያሉ በእንግሊዝኛ ሲያጉረመርሙ ትዝ አለኝ። ስድቡን ዋጥኩት።

«ሚስቴ እዚያ ናት» አልኩት። «ልቧን ከፍተውታል። ጸልይላት።»

«እኔ? እኔ እኮ ከጸለይኩ ዘመን አልፎኛል።»

«አንተ ነህ የሸጥከው፣ አንተው ጸልይ!»

ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። ቆቡን አወለቀ። ከጎኔ መጥቶ እንደ እኔው ግንባሩን ጡቡ ላይ ደፋ።

«ስሟ ማነው?»

ጸሎት በክርስትና ስም ነው፣ የቤት ስሟን አልነገርኩትም። «ወለተ ማርያም» አልኩት። ምላሱ ተጠላለፈ። «ዎሌታ... ማሪየም...» እያለ በአያቱ ቋንቋ የሆነ ነገር አጉተመተመ። መሃል ላይ ይረሳዋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ባለ ንቅሳቷ ልጅ በሩን እንደከፈተች ቆማ ታየናለች፣ የቤቱ ሙቀት ሁሉ ወጥቶ አለቀ።

ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት።

«አባዬ፣ ወጣች... ግን አልነቃችም።»

ይኸው ዛሬም አልነቃችም። ይሄን የምናገረው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። መሣሪያው ይተነፍስላታል። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ይላል፣ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ አይነግረኝም። እጇን እይዛለሁ፣ ጣቴን መልሳ አትጨብጠውም።

ትናንት ሽማግሌው መጣ። አበባ አልያዘ፣ ምን አልያዘ። እግርጌዋ ቆሞ ያንኑ ጸሎት ደገመላትና ሄደ። ስሟን አሁንም አልቻለውም።

የምትጸልዩ ካላችሁ፣ ወለተ ማርያም ነው የምትባለው። እናንተ እንኳ አጥርታችሁ ጥሩልኝ... ሰውየው እያበላሸብኝ ነው።