ሽማግሌ ሆነን ገብተን ያፈርንበት ጠዋት

«ከመካከላችሁ ልጁ እዚያ የሚማር ማን ነው?»

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሱዳን፣ የገዳሪፍ ትምህርት ቢሮ ሙዲር፣ ማለትም ኃላፊው፣ ይህን ሲጠይቀን፣ እኛ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አየን።

የሄድነው ወላጆች የከፈቱት የአማርኛ ትምህርት ቤታችን በሚረቀቀው የግል ትምህርት ቤቶች ደንብ እንዲካተት ልንጠይቅ ነው። ወላጅ ልጁን የት እንደሚያስተምር ራሱ ይምረጥ ነው የምንለው።

እንደ ወጋችን ሽማግሌ ተመረጠ፣ ጋቢ ተለበሰ። በገዳሪፍ ሙቀት ጋቢ፤ እንግዲህ ፍረዱን። የሁላችንም ልጆች ደግሞ አድገው ጨርሰዋል።

ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት እናቶች ውጭ ነበሩ። «እናንተ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ሙዲሩ ተነስቶ ወደ እነሱ ወጣ። ዘሃራ የምትባለው እናት በአረብኛ፣ «ልጄ በፊት በአረብኛው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አፉን አይከፍትም ነበር፤ አሁን እጁን ያወጣል» አለችው። ደንቡ ለውይይት ሲቀርብ መጥተው እንዲናገሩ እነሱን ቀጠራቸው።

ስንመለስ ዘሃራ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ያን ቀን እርስዎ ጥላው ሥር ይቀመጡ አባባ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለችኝ።

እያሾፈች አይደለም። አዝናልኝ ነው።

እንደ እኔ ባለጉዳዩን በር ላይ አስቀምጣችሁ የገባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።