የኮከቤ የሐሙስ አይብ

ኮከቤ ደግ ሴት ናት ብዬ ብጀምር ይቀለኝ ነበር። ግን ያን ያህል ዓመት ፊቴን ሳጠቁርባት ኖሬ እንዲህ ብል የሞላሌ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ስለዚህ ከእውነቱ ልጀምር፤ እቀናባት ነበር። በመልኳ አይደለም፤ መልክማ እኔ እሻላለሁ። በባሏም አይደለም፤ ወልደ ጻድቅ እያወራ የሚያንቀላፋ ሰው ነው። የቀናሁት በአይቧ ነው።

የመጣችው ከራቤል ነው፣ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ አባቷ የሰጧትን አንዲት ጥቁር ላም አስነድታ። ቤታቸውን ከኛ ቤት ቁልቁል ሠሩ። በዓመቱ ሴት ልጅ ስትወልድ ክርስትና ያነሳሁላት እኔ ነኝ፤ አበልጅ ሆንን። አበልጅ ከእህት አያንስም ይባላል። እህቴም ብትሆን ግን እቀናባት ነበር፣ ቅናት ዘመድ አይመርጥም።

በኛ አገር ብርዱ ባና ካልደረቡበት አያስቀምጥም። ባናውን የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው፤ የበጉን ጠጉር የምንፈትለው እኛ ሴቶች ነን። ብቻን መፍተል ስለሚያሰለች ስድስት ሆነን በየቤታችን በተራ እንሰበሰባለን። ባለተራዋ የምንቀማምሰውን ታቀርባለች፤ ቆሎም ቢሆን፣ ጭኮም ቢሆን፣ ከሁሉ የሚወደደው ግን አይብ በቂጣ ነው። ጣጣው ቀን መምረጡ ላይ ነበር። በበዓል አይፈተል፤ ረቡዕና ዓርብ አይብ አይበላ። ከበዓሉም ከጾሙም የተረፈች ሐሙስ ስትገኝ እንደ ሠርግ ቀን እንጠብቃታለን።

ኮከቤ ሳትመጣ በፊት በአይብ የምታወቀው እኔ ነበርኩ። እሷ ስትመጣ ቀረሁ። እሷ የምታደርገው የተለየ ነገር እንኳ የለም። አሬራውን ከኩበቱ እሳት ዳር ታስቀምጠዋለች፤ ለጣት የሚቻል ሙቀት ሲይዝ ታወርደውና ሳትነካካ ትተወዋለች። እኔ ግን ደረሰ አልደረሰ ብዬ አሥር ጊዜ ካልከፈትኩ አላርፍም። የሷ እንደ ባዘቶ ለስልሶ ይወጣል። ጤና አዳም ቀንጥሳ፣ ቅቤ ጠብ አድርጋ፣ በትኩስ የገብስ ቂጣ ጠቅልላ ታድላለች። አንድ ቀን ድርሻዬን ለባሌ ለጫኔ ይዤለት ገባሁ። ጫኔ በዕድሜው ምግብ አመስግኖ አያውቅም። ጎረሰና «አይብ ማለት እንዲህ ነው ለካ» አለ። ከዚያ ወዲያ ለሳምንት ያህል ከጫኔ ጋር በደህና አልተነጋገርንም፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አያውቀውም።

እኔም እሷም ያለችን አንዳንድ ላም ናት፤ የአንድ ላም ወተት ደግሞ መናጫ አይሞላም። ስለዚህ ወተት እንዋዋስ ነበር። አንድ ሳምንት የኔ ወተት ወደሷ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሷ ወደኔ ይመጣል። ልኩን የምናውቀው ምልክት በተቆረጠበት እንጨት ነው፤ ዕቃው ውስጥ ሲነከር ወተቱ ምልክቱ ላይ ከደረሰ ሞላ ማለት ነው።

ክርስትናውን ባነሳሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም፣ ኮከቤ ቤት ስንፈትል እመት አስካለ ማርያም አንድ ነገር አመጡ። ከሁላችን ታላቅ ስለሆኑ ያሉት ይጸናል።

«አይቧ እንዲህ ከሆነማ ተራው ምን ያደርግልናል? ሐሙሱን ሁሉ እዚሁ ብናደርገውስ? የኔ እግር ደግሞ ዳገቱን እምቢ ብሏል» አሉ።

ዳገቱ ላይ ያለው ቤት የኔ ነው። ሴቶቹ ሳቁ እንጂ አይሆንም ያለ አልነበረም። ለመሞከር ያህል የሚቀጥለውም ሐሙስ እዚያው እንዲሆን ተስማሙ። እኔና ጫኔ ልጅ የለንም። ቤቴ የሰው ድምፅ የሚሰማበት ያቺው ተራዬ የምትደርስበት ሐሙስ ብቻ ናት። እሷንም ኮከቤ ልትወስዳት ነው።

በዚያ ሳምንት ወተት ሰጪዋ እኔ ነበርኩ። ውኃ ጨመርኩበት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ እንስራውን ያዘነበልኩት በራሴ እጅ ነው። እንጨቱን ስነክረው ምልክቱ ላይ ልክ ደረሰ።

ሐሙስ ሲደርስ አይቡ የወትሮው ግማሽ እንኳ አልሆነላትም። ለአምስታችን ትንሽ ትንሽ ጠቅልላ ሰጠችና እሷ ሳትቀምስ ቀረች። እመት አስካለ ማርያም «ለአንድ ቤት በየሳምንቱ ይከብዳታል፤ ተራው ይቀጥል» ሲሉ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቀጠሉና «ሲያንስ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል» አሉ። አሸንፌም ተንገበገብኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮከቤ ወተቷን ራሷ ይዛ መጣች። ምልክቱን በሁለት ጣት አልፏል። ትርፏን ልታሳየኝ ነው ብዬ ስናደድ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ።

«አበልጄ፣ ላምሽ ልትነጥፍ ነው አይደል? ወተቷ ቀጥኖ ሳይ ገባኝ። አፍረሽ ነው ያልነገርሽኝ።»

እጄን አስለቅቄ የወተቱን ዕቃ ተቀበልኳት።

«የኔዋ እስካለች አትቸገሪም፤ እኔ እልክልሻለሁ። የላምሽ ወተት እስኪመለስም አይብ በአፌ ላይዞር ለማርያም ተስያለሁ» አለች።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ብናገር ግን አበልጇን ያታለለች ተብዬ በደብሩ ልጠራ ነው። «ማርያም ትስማሽ» አልኳት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትታለብ ላም እያለችኝ ላም የሌላት ሴት ሆንኩ። በድብቅ አልባለሁ፣ በድብቅ እንጣለሁ። ቅቤውን ገበያ እንዳላወጣው ሰው ያየኛል። ጫኔ ሲጠጣ ከርሞ ጉንጩ ሞላ፤ የጥጃዋም ሆድ ተነፋ። ኮከቤ ጥጃዋን እያሻሸች «እናቷ ደርቃ እሷ መወፈሯ የማርያም ሥራ አይደል?» ትላለች። ወተት መላኳንም አልተወች። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ የሷ ወተት አልጣመኝም።

ሐሙስ ሐሙስ ሌላው አይብ ሲጎርስ እሷ ቆሎዋን ትቆረጥማለች። ሴቶቹ ስለቷን ሰምተው «እንዲህ ያለች ሰው ከየት ይገኛል?» ይሉ ጀመር። ድሮ በአይቧ ስቀና አሁን ደግሞ አይብ ባለመብላቷ ቀናሁ።

ኅዳር ገባና ተራዬ ደረሰ። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት የቀረችው የመጨረሻዋ ሐሙስ ናት። እመት አስካለ ማርያም «ሸዋረጋ ላሟ ነጥፋባት ምን ታቅርብ? አናስጨንቃት። ተራዋን ኮከቤ ትያዝላት፤ ከእንግዲህም ይቅርላት» አሉ። አዝነውልኝ ነው። ሁሉም አዘኑልኝ። ሰው ከቤቴ እንዳይቀር ብዬ ውኃ ጨመርኩ፤ ይኸው በርኅራኄ ቀሩብኝ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ተራዬን ፈልጌ ነው። ግን ያቺ ሐሙስ ካለፈች ኮከቤ እስከ ገና አይብ እንደማትቀምስም አስብ ነበር፤ ይሄም ይቆጠርልኝ። ከራሴ ላም ወተት አይብ ሠርቼ፣ በጣባ አድርጌ፣ ነጠላዬን አልብሼ ቁልቁል ወረድኩ። ሴቶቹ ኮከቤ ቤት ተሰብስበው ይፈትላሉ።

እመት አስካለ ማርያም ጣባውን አይተው «ላሟ ተመለሰችልሽ?» አሉኝ።

«አልነጠፈችም፣ እመት። ያን ሳምንት ወተቱ ላይ ውኃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ኮከቤን ቀንቼባት ነው። ሐሙሱ ከቤቴ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። እመት አስካለ ማርያም አማተቡ። ኮከቤ ጠጉሩን ከጭኗ ላይ አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችው። አላየችኝም።

«ሁለት ወር» አለች።

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ጣባዬን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ተቀመጪ ያለኝ ሰው የለም። ወጥቼ ልሄድ ስል ተነሳችና እጇን ታጠበች።

«ላሚቱ ደህና ከሆነች ስለቴ ሰምሯል» ብላ ጣባውን ተቀበለችኝ።

ቂጣ ቆርሳ ከአይቤ ጠቅልላ ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። ሁሉም አፏን አፏን ያያሉ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ጥሩ ነው እንድትለኝ እየጠበቅሁ ነበር።

ዋጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጨው ያንሰዋል» አለችኝ። «ለሚመጣው ተራሽ ጨምሪበት።»