ከዳኛው የቀደመው የግድግዳ ጋዜጣ

ትናንት ጎረቤቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ አንድ ሰው ሲናገር ታሰማኝ ነበር። ወሬው ስለታሰረ ሹም ነው። ክሱ ገና አልተሰማም፤ ተናጋሪው ግን «ሌባው» እያለ ነበር የሚጠራው።

«እትዬ፣ ይኼስ ስንት ዓመት ይገባው ይሆን?» አለችኝ።

«ማን ፈረደበትና?» ብዬ ስልኩን አስዘጋኋት። ተቀየመችኝ መሰለኝ።

በደርግ ጊዜ ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ነበር የምንኖረው። ባሌ ባዬ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር፤ እኔ የእርሻውን ሠራተኞች መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። አንድ ኅዳር፣ የታጨደው ሰሊጥ በየማሳው ቆሞ ሲደርቅ፣ ከመጋዘን ናፍጣ ጠፋና ባዬን አሰሩት። ያኔ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የተባለ ክስ እስከ ሞት ያደርስ ነበር።

የቀበሌው ቅስቀሳ ኃላፊ፣ ጓድ ሙሉጌታ፣ በእጁ ጽፎ የሚለጥፈው የግድግዳ ጋዜጣ ነበረው። ምስክር ሳይሰማ የባሌን ስም በቀይ ቀለም ጻፈው። እኔንም «የአሻጥረኛ ሚስት ሕዝብ አታስተምርም» ብሎ ጠመኔዬን ተቀበለኝና በቦታዬ ቆመ። ሠራተኞቹን የሚያስጽፋቸውም ያንኑ ጋዜጣ ነበር።

ባዬ ሸሕዲ ፍርድ ቤት የቀረበ ቀን በጭነት መኪና ላይ ነው የሄድኩት፤ የማሽላ እንጀራና የባሚያ ወጥ ይዤለት ነበር። ሙቀቱ ወጡን አኮመጠጠው። ማለዳ ከግድግዳው የገነጠልኩትን ጋዜጣ ግን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ይዣለሁ።

የመጀመሪያው ምስክር ደምሌ፣ ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ የቀረ፣ ፊደል ያስቆጠርኩት ሰው ነበር። ዳኛው፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሽማግሌ፣ «ያየኸውን ተናገር» አሉት። ደምሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ ቀጥ አለ።

«ባዬ የሰፊውን ሕዝብ ናፍጣ ለድንበር ነጋዴ ሸጠ። ባዬ ሌባ ነው። አራት ነጥብ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ።

«አራት ነጥቡንም አይተኸዋል?»

«የለም ጓድ ዳኛ። ጓድ ሙሉጌታ ሲያስጽፈን እንዲህ ነው የሚለው።»

ሁለተኛውም ምስክር ቃል ሳይስት ያንኑ አወረደው። ያኔ ተነሣሁና ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ዳኛው አንብበው ደጅ የቆመውን ሙሉጌታን አስጠሩት። ካኪውን ለብሶ ፈገግ እያለ ገባ።

«ሕዝቡ እንዲነቃ ብዬ ነው።»

«ሕዝቡ እንዲነቃ ፍርድ ቤቱ ይተኛልህ? እኔ ገና ያልፈረድኩትን አንተ ፈርደህ፣ ምስክሮቼንም አስጠንተህ ላክህልኝ።»

ችሎት በመድፈር አሥራ አምስት ቀን አሰሩት። ሌላ ማስረጃ አልነበረምና ባዬ ተለቀቀ። እኔም ጠመኔዬን አስመልሼ፣ ያውም ሙሉጌታ ተፈትቶ በበሩ ሲያልፍ ጠብቄ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስጻፍኳቸው፦ «ጓድ ሙሉጌታ ችሎት በመድፈር ታሰረ።» ቆሞ ሰማ፤ ጆሮው ቀላ። ደስታዬን ዛሬም አልክደውም።

ግን አልበቃኝም። የፍርዱን ወረቀት ያነበበ ሰው የለም፤ ግድግዳውን ያላነበበ ደግሞ አልነበረም። ባዬ ገበያ ሲወጣ «ናፍጣው መጣ» ይሉት ነበር። ፀጉሩ ሸበተ፣ ልጆች ዳረ፣ ስሙ አልለቀቀውም።

ዘንድሮ ሞተብኝ። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ሲፈለግ፣ ሰው ሁሉ ሙሉጌታን መረጠ፤ በአገሩ የታወቀ ጸሐፊ ሆኗል። ከዘራውን ተመርኩዞ፣ ወረቀቱን ይዞ ከሬሳው ራስጌ ቆመ።

«ወንድማችን ባዬ...» ብሎ ጀመረ። ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ይቅር በይኝ እንጂ እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የባሌን ስም ሁለተኛ በአፍህ አታነሣም» አልኩት።

ባዬ ታሪኩ ሳይነበብ ተቀበረ። የነፍስ አባቴ በየሳምንቱ እየመጡ «ይቅር በዪው ልጄ፣ ሁለታችሁም መሄጃችሁ ደርሷል» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔ ግን ሙሉጌታ እንዲቀድመኝ ነው የምጸልየው፤ የእሱን ታሪክ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ቆሜ አነብበዋለሁ።