አብሽር የተባልኩበት ቀን

ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ለዚያውም የራስዎን ጉዳይ፣ እርስዎ ብቻ ሳያውቁ ውለው ያውቃሉ? ባለፈው ሳምንት፣ ውጫሌ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ድንገት ቆመ። ለካ ጡረታ ለሚወጡት ምክትል ርእሰ መምህር ስለሚገዛው ስጦታ እየተመካከሩ ኖሯል፤ እሳቸው የገቡ መስሏቸው ነው። ተሳሳቁ። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አባቴ ሞቶ፣ እኔ ሳልሰማ፣ ናይሮቢ ሰርግ ላይ ማሲንቆ እየመታሁ የዋልኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ጊዜው ክረምት ነው። ክራር ተጫዋቹ ጋሽ ሙሄ፣ ዘፋኟ አስናቁና እኔ ሰርግ ለሰርግ የምንዞር ትንሽ ቡድን ነበርን። ናይሮቢ የሚኖሩ የወሎ ሰዎች ልጃቸውን ሲድሩ፣ አምባሰልን በአገሩ ለዛ የሚጫወት እንፈልጋለን ብለው አስጠሩን። አባቴን ሳል ይዞት ነበር፤ ቢሆንም ሐይቅ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘኝ። ስትመለስ በቆሎው እሸት ሆኖ ይጠብቅሃል አለኝ።

መንገዱ በሞያሌ ነው፤ እስከ መሐል አገር ጭቃና ጉም፣ ከዚያ ወዲያ አቧራ። ናይሮቢ ስትጮህ የምትውል ከተማ ናት። ማታቱ የሚሏቸው አውቶቡሶች ጎናቸው በሥዕል ተሞልቷል፤ ሙዚቃቸው ደረት ይመታል። በየመንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ ሎሚና በርበሬ ቀብተው ይሰጡሃል። በቆሎ በሎሚ! ይህን ለአባቴ እነግረዋለሁ ብዬ ያዝኩት።

ባረፍንበት ቤት ምግብ የምታበስለው ማማ ንጄሪ የምትባል ኬንያዊት ነበረች። ስንጣደፍ ባየችን ቁጥር “ፖሌ ፖሌ” ትለናለች፤ ቀስ በሉ ማለት ነው። በሦስት ቀን ውስጥ የለመድኩት የስዋሂሊ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጋሽ ሙሄ ስልክ ሊያነጋግር ወጥቶ ተመለሰ። በሌላ ቀን “ይህ ማሲንቆ ነው ወይስ ዘይት ያጣ በር?” እያለ የሚያበሻቅጠኝ ሰው፣ ማሲንቆዬን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ቃኘልኝ።

“አብሽር፣ እንድሬ” አለኝ።

አስናቁም መጥታ ጉንጬን ሳመችኝና አብሽር ወንድሜ አለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እኛ አገር አብሽር የማይገባበት ቦታ የለም። ፈተና ለሚቀመጥም፣ ለታመመም፣ ሰው ለሞተበትም ይባላል። እኔ የፈተናውን ወሰድኩ፤ ያን ያህል ሰው ፊት ተጫውቼ አላውቅማ። ማማ ንጄሪ ቁርሴን አቅርባ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና “ፖሌ” አለችኝ። ቀስ ብለህ ብላ ያለችኝ መስሎኝ በዝግታ አላመጥኩ። እስክጨርስ ከአጠገቤ አልሄደችም።

ከሰዓት በኋላ ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ ተጫወትን። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተጫውቼ አላውቅም። ከሙሽሮቹ መሐል ገብቼ እስክስታ ወረድኩ፤ ሰው በስልኩ ይቀርጸኛል። ጋሽ ሙሄ ክራሩን የሚመታው ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ ነበር።

በመልሱ ጉዞ ሐይቅ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን፣ መሽቷል ብለው ደሴ አሳደሩኝ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ የሚይዝህ ሰው ባለበት ነው። ሐይቅ ስንደርስ አጎቴና ጎረቤቶቻችን ደጃፋችን ላይ ቆመው ነበር። ማንም ሳይናገር ገባኝ። አባቴ ከተቀበረ ሳምንት ሊሆነው ነበር። እስክስታዬ በስልክ ቀድሞኝ ሐይቅ ገብቷል፤ እናቴ ለቅሶ ተቀምጣ አይታዋለች። ልጄ አልሰማም፣ አልነገሩትም እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ስታስረዳ ሰንብታለች።

ጋሽ ሙሄን መቼ እንደሰማ ጠየቅኩት።

“በሰርጉ ጠዋት። አጎትህ ደወለልኝ። ቀብሩ እንደሁ አልቋል፤ ብነግርህም አትደርስ። በሰው አገር እንዴት አድርጌ እይዝሃለሁ?”

“አልጫወትም ነበር” አልኩት።

“እሱንም ፈርቻለሁ” አለ።

ከዓመት በኋላ፣ ኬንያ የኖረ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ “ፖሌ” ለብቻው ሲባል ሌላ መሆኑን ነገረኝ፤ አዝናለሁ፣ ያጽናህ ማለት ነው። አስናቁን ጠየቅኳት። ያን ጠዋት ማድ ቤት ስታለቅስ ማማ ንጄሪ አግኝታት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ምን ሆነሽ ብላት፣ እሷም ነግራት ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የነገረችኝ ቋንቋዋን የማላውቀው ሴት ብቻ ናት።

ሽማግሌዎች መርዶ የሚያቆዩበት ምክንያት ይገባኛል። ሰው ሐዘኑ ላይ ብቻውን እንዳይወድቅ ነው፤ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝም እንዲሁ ብዬ አስረዳለሁ። ነገር ግን እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ያውም እየሳቅኩ። ማሲንቆውን ዛሬም አልፎ አልፎ አነሳዋለሁ፤ ሰርግ ላይ ግን አልጫወትም።

ስለዚህ እርስዎን አንድ ነገር ልለምን። ከቤቱ የራቀ ሰው አጠገብዎ ሆኖ መርዶው ከእሱ ቀድሞ እርስዎ ጋ ከደረሰ፣ አያሳድሩት። ሰውየውን ያስቀምጡት፤ ከጎኑ ይቀመጡ። አብሽር ከማለትዎ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ “አባትህ ሞቷል” ይበሉት። ከዚያ አጥብቀው ይያዙት። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይሞክሩት።