ጀላሉዲን በደንበኛ ወንበር

ጀላሉዲን በሰው አገር፣ ሚራክል ማይል ከሚባለው ሰፈር ወጣ ብሎ ባለው የጃፓኖች ምግብ ቤት በር ላይ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ አድርጓል። ጃፓኖቹ ኢዛካያ ይሉታል፤ ምግቡ በትንንሽ ሳህን እየተከታተለ የሚመጣበት፣ የሚጠጣም የሚጠጣበት ቤት ነው። ስሙ ስለገነነ ሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰለፍለታል። ጀላሉዲን የደንበኞቹን መኪና አንድ በአንድ ያውቃል፤ ውስጥ ገብቶ ግን ተቀምጦ አያውቅም። መኪና ጋብ ሲል ግድግዳውን ተደግፎ የአውሮፕላን ሞተር መጽሐፉን ያነብ ነበር።

በፈረንጆቹ 1987 የመካኒክነት ፈቃዱን አገኘና በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጠረ። በዚያው ወር ታላቅ እህቱ እትዬ ሃጂራ ከደሴ መጡ። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሲሞቱበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የት እንደሚጋብዛቸው ለመወሰን ጊዜ አልፈጀበትም።

"መጠጥ ቤት ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

ለእኛ ዓሣና ሩዝ ነው፣ መጠጥ የነካው ነገር አይቀርብልንም፣ ቀድሜ ተነጋግሬያለሁ አላቸው።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሚስቱ ከሳብሪያ ጋር ሆነው ደረሱ። የቀድሞ ባልደረባው ንጋቱ ለእትዬ ሃጂራ የመኪናውን በር ከፈተላቸው፤ የአሮጌዋን ቶዮታ ቁልፍም ልክ እንደማንኛውም ደንበኛ ከጀላሉዲን እጅ ተቀበለ። ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

ሰልፉ ጥግ ድረስ ነበር። የቤቱ ጌታ ሚስተር ሞሪታ በመስኮት አይተውት ወጡና በጓሮ በር ላስገባችሁ አሉ። ጀላሉዲን አመስግኖ፣ ዛሬ የመጣሁት ደንበኛ ሆኜ ስለሆነ ተራዬን እጠብቃለሁ አለ። ወዲያው የእህቱ የጉልበት ሕመም ትዝ ብሎት ዞር ሲል፣ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ "የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ስንቴ ቆሜያለሁ፤ ይቺማ ምን አላት? ደግ አደረግህ" አሉት።

ተራቸው ሲደርስ ሦስቱም፣ ሚስተር ሞሪታ ራሳቸው ከሚጠብሱበት ፍም ፊት ለፊት ተቀመጡ። በመጀመሪያ በጨው የተቀቀለ እሸት አኩሪ አተር ቀረበ፤ እትዬ ሃጂራ አንዱን እንደ ባቄላ እሸት ፈልፍለው ቀመሱና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ዓሣው እየተጠበሰ ሳለ ሚስተር ሞሪታ አጠገባቸው ለተቀመጡት ደንበኞች አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰዎቹም ወደ ጀላሉዲን ዞረው አጨበጨቡ።

"ምን አሉ?" አሉ እትዬ ሃጂራ።

"እንዲሁ ሰላምታ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሳብሪያ ግን አላለፈችውም። "እትዬ፣ 'መኪናችሁን አራት ዓመት ያለ አንድ ጭረት የጠበቀላችሁ ሰው ዛሬ አውሮፕላን ይጠግናል' ነው ያሉት" አለቻቸው።

እትዬ ሃጂራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "ሶ" የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ሳምንት ሳይሞላቸው ለምደዋት ነበር። "ሶ፣ እንግዲህ እኔም የምለውን ንገርልኝ። ደሴ ገበያ ላይ የሰው ልብስ እየሰፋሁ ነው ያስተማርኩት በልልኝ። አንድም ቃል እንዳታስቀር።"

ጀላሉዲን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉንም ተናገረ። ሚስተር ሞሪታ መቆንጠጫቸውን አስቀምጠው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እትዬ ሃጂራም ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በወሎ ወግ አጸፋውን መለሱ።

ከዚያ ዓሣው መጣ። ከአጥንቱ በቀር የተረፈ አልነበረም። እትዬ ሃጂራ ጣታቸውን ጠርገው፣ ጀላሉዲንን ሳያስተረጉሙ፣ ለሚስተር ሞሪታ በጣታቸው አንድ ይደገም አሏቸው።